«ኻን»፦ ከነገሥታት ማዕረግ እስከ ቤተሰብ መጠሪያ

ሰር ሰይድ አሕመድ ኻን በሚለው ስም ውስጥ አራት ቃላት አሉ። ከአራቱ የባለቤቱ የራሳቸው ስም የሆነው «አሕመድ» ብቻ ነው። «ሰር» እ.ኤ.አ. በ1888 ከብሪታንያ መንግሥት ያገኙት የክብር መጠሪያ ነው፤ «ሰይድ» ዘራቸው ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤተሰብ እንደሚቆጠር የሚናገር የዐረብኛ ቃል ነው፤ «ኻን» ደግሞ ከመካከለኛው እስያ የሣር ሜዳዎች የመጣ የቱርኮችና የሞንጎሎች ማዕረግ ነው። በ1875 በአሊጋር ታላቁን የሙስሊሞች ኮሌጅ ያቋቋሙት እኚህ ሊቅ አባታቸው ሚር ሙተቂ ይባሉ ነበር። ልጃቸው፣ በኋላ የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት፣ ሰይድ ማሕሙድ ተብለው ኖሩ። አባትም ልጅም «ኻን» አልተባሉም።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የደቡብ እስያ ሙስሊም ሊቃውንትን የሚጠቅሱ የአማርኛ ጽሑፎችን ስናርም «ኻን» የሚለው ቃል ደጋግሞ ያሰናክለናል። የእኛ አንባቢ ስምን የሚያነበው የራስ፣ የአባት፣ የአያት ብሎ ነው። «ኢምራን ኻን» ሲባል ኢምራን የሚባል፣ ኻን የሚባል ሰው ልጅ መስሎ ይታየዋል። የቀድሞው የፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር አባት ግን ኢክራሙላህ ኻን ኒያዚ ናቸው፤ የጎሣው ስም ኒያዚ ሲሆን «ኻን» በአባትም በልጅም ላይ ያረፈ ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ ጸሐፊ ከዚህ አልፎ «ኻን» የተባሉትን ሁሉ የአንድ ነገድ ልጆች አድርጎ ሲጽፍ፣ ሌላው ደግሞ ሁሉንም ከጄንጊስ ኻን ሲያወርድ አይተናል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ እንዴት ስሕተት እንደሆነ ለማሳየት የቃሉን መንገድ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉና ድምፁ

በዐረብኛ ፊደል የሚጻፈው በኻእ፣ በአሊፍና በኑን ነው። ስለዚህ በአማርኛ «ኻን» ብሎ መጻፍ ከ«ካን» ይልቅ ለድምፁ ይቀርባል፤ ሆኖም ከጋዜጦች የለመድነውን «ካን» ስሕተት ነው አንልም። ብዙ የህንድ ተናጋሪዎች ራሳቸው ድምፁን ወደ «ክ» ያስጠጉታል።

በጽሑፍ ብቻ የሚመሳሰሉትን ሌሎች ቃላት ከዚህ መለየት ይገባል። በዐረብኛ እነዚሁ ሦስት ፊደላት «ከዳ» የሚል ግሥ ይሆናሉ፤ ከማዕረጉ ጋር ግን ምንም ዝምድና የላቸውም። በፋርስኛ በኩል የመጣው የነጋዴ ማደሪያ ማለት የሆነው «ኻን»ም ሌላ ቃል ነው። በካይሮ የሚገኘው የኻን አል-ኸሊሊ ገበያ ስሙን ያገኘው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። በአል-አዝሀር ሪዋቅ አል-ጀበርቲ ሲማሩ የኖሩት የሀገራችን ደረሳዎች በየቀኑ በአጠገቡ ያልፉ የነበረው ያ ገበያ ከቱርክ ነገሥታት ማዕረግ ጋር አይገናኝም።

ማዕረጉ በታሪክ ብቅ የሚለው «ኻቃን» ወይም «ኻጋን» ከሚለው ታላቅ ወንድሙ ጋር ነው። የሩራን ሕዝቦች ገዥ የነበረው ሸሉን በ402 ራሱን ኻጋን አሰኝቷል። በ552 የቱርኮችን መንግሥት የመሠረተው ቡሚንም ይህንኑ ስም ያዘ። በዛሬዋ ሞንጎልያ በኦርኾን ሸለቆ የቆሙት የ8ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ጽሑፎች ቃሉን በቱርኮች በራሳቸው ቋንቋ ያስነብቡናል። በዚህ ደረጃ «ኻን» ማለት ንጉሥ ማለት ነበር፤ ከእሱ በላይ ሰማይ እንጂ ሌላ ገዥ የለም።

ወደ እስልምና የገባውም በንጉሥነቱ ነው። ከቱርክ ነገሥታት ቀድመው ከሰለሙት አንዱ የሆነው የካራኻኒዱ ሳቱቅ ቡግራ ኻን በ10ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ አረፈ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ከጄንጊስ ዘር በርከ ኻን፣ ቀጥሎም በ1295 በኢራን የነገሠው ጋዛን ሙስሊም ሆኑ። «ኻን» እስላማዊ ቃል አይደለም፤ ጄንጊስ ራሱ፣ በ1206 የሞንጎሎች ሁሉ ገዥ ተብሎ የታወጀው፣ ሙስሊም አልነበረም። ዛሬ ግን ይህን ስም የሰማ ሰው ሁሉ ባለቤቱ ሙስሊም ነው ብሎ ይገምታል። ይህን ለውጥ ያመጣችው በዋናነት ህንድ ናት።

ከዙፋን ወደ ሰራዊት

በመካከለኛው እስያ ከጄንጊስ ወረራ በኋላ አንድ ጽኑ ልማድ ሰፈነ፤ ከጄንጊስ ዘር ያልሆነ ሰው ኻን ሊባል አይገባውም። ቲሙር ያን ሁሉ ሀገር ድል ነሥቶም «አሚር» ከመባል አላለፈም፤ በስሙ ፊት ሌላ ባለ ዘር ኻን አስቀምጦ ገዛ። ዘሮቹ «ሚርዛ» ተባሉ። የኦቶማን ሱልጣኖች ከስማቸው በኋላ ይህን ማዕረግ ሲያኖሩ ንጉሥነታቸውን ማጽናታቸው ነበር። በህንድ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የዴልሂ ገዥ «ሱልጣን» ስለነበር «ኻን» ከእግሩ በታች ወርዶ ለታላላቅ ሹሞች የሚሰጥ ሆነ።

የዚህ ምስክራችን ለኢትዮጵያ እስልምና ታሪክ ተማሪዎች እንግዳ ያልሆነ ሰው ነው። ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ (በ1349 ያረፈው) መሳሊክ አል-አብሷር በተባለው ሥራው የይፋትን፣ የደዋሮን፣ የሀድያን፣ የባሌንና የሌሎቹን የሀገራችን ሙስሊም መንግሥታት ሁኔታ እንደመዘገበ ሁሉ፣ በዚያው ሥራ የሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅን ሰራዊትም ይገልጻል። በእሱ አገላለጽ ከሁሉ በላይ ያሉት ኻኖች ናቸው፤ ቀጥሎ መሊኮች፣ ቀጥሎ አሚሮች ይመጣሉ። ኻን 10,000፣ መሊክ 1,000፣ አሚር 100 ፈረሰኞች ያዝዛል ይላል። የዴልሂው ታሪክ ጸሐፊ ዚያኡዲን በረኒ ደግሞ ሌላ ስሌት ያቀርባል፤ ከአሥር ፈረሰኞች አዛዥ ተነሥቶ እያንዳንዱን ደረጃ በአሥር እያባዛ ኻንን ከሁሉ በላይ ያስቀምጠዋል። ቁጥሮቹ ስለማይገጥሙ ሁለቱንም እንደ ሰራዊት መዝገብ ሳይሆን እንደ ሥርዓቱ ሥዕል መውሰድ ይሻላል። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ይስማማሉ።

በዚህ ሥርዓት ሹመቱ የአንድ ሰው ነው። ባልበን ሱልጣን ከመሆኑ በፊት «ኡሉግ ኻን» ይባል ነበር፤ ትርጉሙ ታላቁ ኻን ነው። በ1266 ሲነግሥ ያን ስም ተወ። አንደኛው ልጁ በ1285 ከሞንጎሎች ጋር ሲዋጋ ስለወደቀ «ኻኒ ሸሂድ»፣ ሰማዕቱ ኻን፣ ተብሎ ቀረ። ሌላው «ቡግራ ኻን» ተባለ። ሦስቱም ኻን ሆኑ፤ አንዱ ግን ከሌላው አልወረሰም።

የሙጋል ነገሥታት ይህን ልማድ ወደ ፍጹምነት አደረሱት። የባቡር እናት ከጄንጊስ ዘር የምትወለድ የዩኑስ ኻን ልጅ ሆና ሳለ የልጇ ልጆች «ኻን»ን ለአሽከሮቻቸው ያድሉት ጀመር። ከሁሉ የበለጠው «ኻኒ ኻናን»፣ የኻኖች ኻን፣ ሲሆን ከያዙት ስመ ጥሩው ባለቅኔና የጦር መሪ ዐብዱረሒም (1556–1627) ነው። ሌሎቹ ደግሞ አንድ ቅጽል ከ«ኻን» ጋር ተጣምሮ ይሰጣቸዋል። የንጉሥ ጀሀንጊር ባለቤት የኑር ጀሀን ወንድም አቡል ሐሰን «ኣሰፍ ኻን» ተባለ፤ ልጁ ሚርዛ አቡ ጣሊብ «ሻይስታ ኻን» ተባለ። ከአቡል ሐሰን በፊትም ኣሰፍ ኻን የተባሉ ሌሎች ነበሩ፤ ማዕረጉ ባለቤቱ ሲሞት ወደ ግምጃ ቤት ተመልሶ እንደ ካባ ለሌላ ይሰጣልና። የሙጋልን ዘመን የሚያጠና ሰው «ኣሰፍ ኻን» የሚለውን ስም ባገኘ ቁጥር የትኛው ዓመት ነው ብሎ ካልጠየቀ ሁለትና ሦስት ሰዎችን አንድ ያደርጋቸዋል። ይህ በእኛም ላይ ደርሷል።

ስጦታው በሙስሊሞችም አልተወሰነም። የቤንጋል ሱልጣኖች ለሂንዱ ሹሞቻቸው ይህን ማዕረግ ይሰጡ ስለነበር እስከ ዛሬ በቤንጋል «ኻን» የሚባሉ የሂንዱ ቤተሰቦች አሉ።

አፍጋኖችና ራጅፑቶች

ከቤተ መንግሥት ውጭ ቃሉን በሕዝብ መካከል የዘሩት ግን ከሁሉ በላይ ፓሽቱኖች ናቸው፤ በህንድ ፓታን ይባላሉ። በእነሱ ዘንድ ኻን ማለት በንጉሥ የተሾመ ሳይሆን መሬት ያለው፣ እንግዳ የሚቀበል፣ ጎሣውን በሸንጎ የሚወክል አለቃ ነው። ከጊዜ በኋላም ለማንኛውም የተከበረ ወንድ የአክብሮት መጥሪያ ሆነ። በ1451 የሎዲ ሥርወ መንግሥት በዴልሂ ሲቆም፣ ቀጥሎም በሱር ዘመን፣ አፍጋኖች በብዛት ወርደው በጋንጅስ ሜዳዎች ሰፈሩ። ፈሪድ የሚባለው ወጣት መኮንን ትልቅ ነብር በመግደሉ «ሼር ኻን» እንደተባለ ይተረካል፤ በ1540 ሁማዩንን አሸንፎ ሲነግሥ «ሼር ሻህ» ሆነ። ኻንነት ከንግሥና ያነሰ መሆኑን ከዚህ ስም ለውጥ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ የለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሮሂላ የተባሉት አፍጋኖች ከዴልሂ በስተ ምሥራቅ ያለውን ሀገር ይዘው ስሙን ሮሂልኸንድ አሰኙት፤ የራምፑር ነዋቦች የዚያ ቅሪት ነበሩ።

የአፍጋን ስም ሆኖ መታየቱ ግን ሌላ መጋረጃ ጣለ። በራጃስታን ያሉት ቃኢምኻኒዎች ራሳቸውን ከቾሃን ራጅፑቶች ይቆጥራሉ፤ አባታቸው በፊሩዝ ሻህ ቱግሉቅ ዘመን ሰልሞ ቃኢም ኻን ተባለ ይላሉ። የሜዋት ኻንዛዳዎችም ራጅፑቶች ናቸው። ከእነሱ መካከል ሐሰን ኻን ሜዋቲ በ1527 በኻንዋ ጦር ሜዳ ከሂንዱው ራና ሳንጋ ጎን ተሰልፎ ባቡርን ሲወጋ ሞተ። ኻን የተባለ ሙስሊም ከራጅፑት ንጉሥ ጋር ሆኖ ከቲሙርና ከጄንጊስ የሚወለደውን ሲወጋ ማየት፣ ስምን ከዘር ጋር አጥብቀው ለሚያስሩ ሰዎች መልካም ትምህርት ነው።

ከሐበሻ የሄዱ ኻኖች

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን፤ ጉዳዩ እኛን ይነካልና።

በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከአፍሪካ ቀንድ በባርነት ተወስደው በዐረብ ገበያዎች በኩል ህንድ የደረሱ ሰዎች «ሐብሺ» ይባሉ ነበር። ብዙዎቹ ወታደር ሆኑ፤ አንዳንዶቹ ታላላቅ አዛዦች። በቤንጋል ከ1487 እስከ 1493 ዙፋን እስከ መያዝ ደርሰዋል። በጉጃራት ሱልጣኔት «ኡሉግ ኻን»ና «ጁጃር ኻን» የተባሉ ሐበሾች የሀገሪቱን ዕጣ በእጃቸው ይዘው ነበር። በ1572/73 በአሕመዳባድ የተሠራውና በድንጋይ ፍልፍል መስኮቶቹ ዓለም የሚያውቀው መስጊድም የሲዲ ሰዒድ፣ የሐበሻው፣ ሥራ ነው።

የጉጃራትን ታሪክ በዐረብኛ የጻፈው፣ በ1540 በመካ የተወለደው ሐጂ አድ-ደቢር፣ ሙሉ ስሙ ዐብዱላህ ሙሐመድ አል-መኪ አል-ኣሰፊ አል-ኡሉግኻኒ ነው። «አል-መኪ» የትውልድ ቦታውን ይናገራል። «አል-ኣሰፊ» ከጉጃራቱ ሹም ከኣሰፍ ኻን ጋር ያለውን ትስስር፣ «አል-ኡሉግኻኒ» ደግሞ ለሐበሻው ሙሐመድ ኡሉግ ኻን ጸሐፊ መሆኑን ያመለክታል። እንግዲህ አንድ የመካ ሊቅ በባርነት ከሄደ ሐበሻ ማዕረግ ኒስባ አውጥቶ በስሙ ላይ ተሸከመ። የቱርኮች ማዕረግ፣ በሐበሻ ሰው ላይ አርፎ፣ በዐረብኛ ሰዋስው ኒስባ ሲሆን ማየት ብርቅ ነው።

በደከንም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። በሐበሻ ምድር ቻፑ ተብሎ በ1548 አካባቢ የተወለደው ልጅ ከገበያ ወደ ገበያ ከተሸጠ በኋላ በባግዳድ «ዐንበር» የሚል ስም ተሰጠው። በመጨረሻም የአሕመድናጋር ዋና ሚኒስትር ገዛው። ይህ ሚኒስትር ራሱ ከባርነት የወጣ ሐበሻ ሲሆን ስሙ ቺንጊዝ ኻን ነበር። የሞንጎሉ ድል አድራጊ ስም በሐበሻ ሹም ላይ! «ኻን የተባለ ሁሉ የጄንጊስ ዘር ነው» ለሚሉ ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም። ገዥው ሲሞት ዐንበር ነጻ ወጣ፤ ሰራዊት አደራጀ፤ «መሊክ ዐንበር» ተብሎ እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ ሙጋሎችን ተቋቋመ። ልጁ ፈትሕ ኻን ተባለ፤ አባት መሊክ፣ ልጅ ኻን። በቢጃፑር ደግሞ በሙሐመድ ዓዲል ሻህ ዘመን መሊክ ረይሓን የተባለው ሐበሻ «ኢኽላስ ኻን» የሚል ማዕረግ አገኘ። ከቦምቤ በስተ ደቡብ በባሕር መካከል በቆመችው የጀንጂራ ምሽግ ሲዲዎች የራሳቸውን ግዛት መሥርተው እስከ 1948 ዘልቀዋል። አውራንግዜብ ለባሕር ኃይላቸው አለቃ «ያቁት ኻን» የሚል ስም ሰጠ፤ በ1689 የእንግሊዞችን ቦምቤ የከበበው ይህ ሰው ነው። በ1791 በጉጃራት የተቆረሰችው የሳቺን ግዛት ነዋቦችም ይህንኑ «ያቁት ኻን» የሚል ስም ሲወራረሱ ኖረዋል።

ስሞቹን ልብ እንበላቸው። ዐንበር፣ ያቁት፣ ረይሓን፤ ሽቱ፣ ዕንቁ፣ መዓዛ ያለው ቅጠል። ጌቶች ለባሮቻቸው የሚያወጧቸው ስሞች ናቸው፤ የአባት ስም የለባቸውም። በሽያጭ ጊዜ የጠፋው ነሰባቸው ነበር። ሱረቱል አሕዛብ 5ኛ አንቀጽ ሰዎች በአባቶቻቸው እንዲጠሩ ያዝዛል፤ አባቶቻቸው ባይታወቁ ግን የሃይማኖት ወንድሞችና ወዳጆች መሆናቸውን ያክላል። ለእነዚህ ሰዎች «ኻን» የሚለው ማዕረግ፣ ከባርነት ስማቸው ጎን ቆሞ፣ የተቆረጠውን የአባት ስም ቦታ ሞላ። በሌላው ላይ ጌጥ የሆነው ማዕረግ በእነሱ ላይ ከዚያ በላይ ነበር ብለን እናስባለን። ሆኖም ዛሬ በጉጃራትና በካርናታካ የሚኖሩት ተራዎቹ ሲዲዎች የነዋቦቹን «ኻን» አልወረሱም፤ ብዙዎቹ የሚታወቁት «ሲዲ» በሚለው ስም ነው።

ማዕረጉ ለሁሉ ሲደርስ

ሥልጣን ያለው ማዕረግ ሰጪ ሲዳከም ማዕረግ ይረክሳል። የሙጋል መንግሥት ከ1707 በኋላ ሲላላ የየክፍለ ሀገሩ ነዋቦች «ኻን»ን በገዛ ፈቃዳቸው ማደል ጀመሩ፤ ልጆችም የአባታቸውን ማዕረግ ሳይጠይቁ ይወስዱ ጀመር። አማርኛ ይህን መንገድ ያውቀዋል። «ወይዘሮ» በአንድ ወቅት የነገሥታት ዘር ለሆነች ሴት ብቻ የሚነገር ነበር፤ ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ወይዘሮ ናት። «ኻን» ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ የቤተሰብ ስም ሆነ፤ የእኛ ማዕረጎች ግን በአባት ስም ሥርዓታችን ምክንያት ወደዚያ አልደረሱም።

የሙዚቃ ሊቃውንት ታሪክ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው። በየቤተ መንግሥቱ የሚያገለግሉ ሙስሊም ዘፋኞችና መሣሪያ ተጫዋቾች «ኡስታዝ» በስማቸው ፊት፣ «ኻን» በስማቸው ኋላ ይደረግላቸው ነበር። ዐብዱልከሪም ኻን (1872–1937) እና የሸህናይ ሊቁ ቢስሚላህ ኻን (1916–2006) ከዚህ ባህል ናቸው። ከባሮዳ የሄደው ሙዚቀኛና ሱፊ ዒናያት ኻንም እንዲሁ ነበር፤ ልጁ ኑር ዒናያት ኻን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለብሪታንያ በስውር ስትሠራ ተይዛ በ1944 በዳኻው ተገደለች። ቀድሞ ሴት «ኻኑም» ትባል ነበር እንጂ «ኻን» አትባልም ነበር። በአውሮፓ ምዝገባ ግን የአባት መጠሪያ ለሴት ልጅም ተላለፈ።

እንግሊዞች ሁለት ነገር ጨመሩ። አንደኛው ራሳቸው ሰጪ መሆናቸው ነው፤ ለታማኝ ሙስሊሞች «ኻን ሳሂብ»ና «ኻን ባሃዱር» የሚሉ ማዕረጎችን፣ ለሂንዱዎች «ራይ ባሃዱር»ን ይሰጡ ነበር። የሙስሊም ሊግ በሐምሌ 1946 አባላቱ የእንግሊዝ ማዕረጎችን እንዲመልሱ ሲወስን ብዙዎች «ኻን ባሃዱር»ነታቸውን ጥለው «ኻን»ነታቸውን ይዘው ቀሩ። ሁለተኛው መዝገብ ነው። ከ1881 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የተካሄደው ቆጠራ፣ የመሬት መዝገቡ፣ የሰራዊት ምልመላው፣ የትምህርት ቤት ቅጹ ሁሉም ሰው ዘሩን እንዲናገርና የማይለወጥ ስም እንዲይዝ ጠየቁ። ሙስሊሙ በሰይድ፣ በሸይኽ፣ በሙጋልና በፓታን ሲደለደል፣ ከዝቅተኛ የእጅ ሥራ የመጡ ቤተሰቦች ኑሯቸው ሲሻሻል ስማቸውንም አሻሻሉ። ዘንድሮ ሸማኔ የነበረ ከመልካም አዝመራ በኋላ ሸይኽ ይሆናል የሚለው የሰሜን ህንድ ቀልድ የወጣው ከዚሁ ነው። «ኻን» ለዚህ ከሁሉ የቀለለ ነበር፤ ሰይድ ለመባል የዘር ሐረግ ይጠየቃል፣ ኻን ለመባል ግን ማንም አይጠይቅም።

ከ1947 ክፍፍል በኋላ ስሙ ከፓኪስታንና ከቤንጋል ስደተኞች ጋር ወደ ብሪታንያ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮችና ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገረ። ከ2016 ጀምሮ የለንደን ከንቲባ የሆኑት ሳዲቅ ኻን ወላጆቻቸው ከፓኪስታን የሄዱ ናቸው። በህንድ ሲኒማ ደግሞ በፔሻዋር የተወለደው ዩሱፍ ኻን በ1944 በመጀመሪያ ፊልሙ ላይ የታየው «ዲሊፕ ኩማር» በሚል የሂንዱ ስም ነው። ከእሱ አንድ ትውልድ በኋላ ሦስት ኻኖች፣ ዓሚር፣ ሰልማንና ሻህ ሩኽ፣ ስማቸውን ሳይደብቁ የሲኒማው ነገሥታት ሆኑ፤ የሀገራችን ተመልካችም «ኻን»ን በይበልጥ ያወቀው በእነሱ ነው። ያው ሻህ ሩኽ ኻን ግን በ2009 በአሜሪካ የኒውአርክ አውሮፕላን ማረፊያ ለሰዓታት ተይዞ ተጠየቀ። ክብርን ሲያስገኝ የኖረ ስም እንዲህ ጥርጣሬ የሚያስከትል ሆነ።

ነሰብ ወይስ ለቀብ?

በዐረብኛው የስም አከፋፈል ኢስም፣ ኩንያ፣ ነሰብ፣ ለቀብና ኒስባ እንለያለን። «ኻን» በአመጣጡ ለቀብ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በሐነፊ ፊቅህ የጋብቻ እኩያነት፣ ከፋአ፣ ሲነገር ዘር ከሚታሰቡት ነገሮች አንዱ ነው፤ በደቡብ እስያ የሐነፊ ሊቃውንት ጽሑፎችም ውስጥ ሰይድ፣ ሸይኽ፣ ሙጋልና ፓታን የሚሉት ክፍሎች ገብተዋል። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ «እኛ ኻን ነን» ብሎ ልጁን የሚከለክል አባት አለ። የቃሉ ታሪክ ግን እንዲህ ላለው ክርክር ማስረጃ አይሆንም። ከቱርክ፣ ከሞንጎል፣ ከፓሽቱን፣ ከራጅፑት፣ ከቤንጋል ሂንዱ፣ ከሐበሻና ከሙዚቀኛ ቤት የመጡ ሁሉ የተሸከሙት ስም የአንድን ሰው አባት ሊናገር አይችልም። አንድ ቤተሰብ ፓሽቱንነቱን ሊያስረዳ ከፈለገ የጎሣውን ስም፣ ኒያዚን፣ ታሪንን ወይም ዩሱፍዘይን፣ ይጥራ። ስሙን ይዞ ዘር ባይኖረውም ደግሞ ነውር የለበትም። የተከለከለው አባት ያልሆነን አባት ነው ማለት ነው፤ ለቀብን መያዝ ከዚህ አይቆጠርም።

በፓሽቱኖች ራሳቸው ዘንድ የአባት ስም ሥርዓት ከ«ኻን» ሥር ጸንቶ መኖሩንም እናስተውላለን። የሰላማዊ ትግል መሪ የነበሩት ዐብዱልገፋር ኻን (1890–1988) የበህራም ኻን ልጅ ናቸው፤ ልጃቸው ዐብዱልወሊ ኻን፣ የልጅ ልጃቸው አስፈንድያር ወሊ ኻን ናቸው። «ኻን»ን አንሥተን ብናነባቸው አስፈንድያር ወሊ የሚለው ስም ለአማርኛ አንባቢ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ለማውጫችን ከዚህ የሚከተለው ይህ ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የነበሩትን በራሳቸው ስም እናስገባለን፤ ሰይድ አሕመድ ኻንን የሚፈልግ በ«አሕመድ» ሥር ያገኛቸዋል። «ዐብዱል» ከሚከተለው የአላህ ስም አይለይም፤ ስለዚህ ዐብዱልገፋር አንድ ቃል ነው። «ኻን»ን እንደ ቤተሰብ ስም ይዘው የሚጽፉ የዘመናችን ደራስያን በ«ኻን» ሥር ይገባሉ። ኣሰፍ ኻንን የመሰሉት ባለ ማዕረጎች በማዕረጋቸው ገብተው የራሳቸው ስምና የሞቱበት ዓመት በቅንፍ ይጨመራል። የሐበሻ ሹሞችም በማዕረጋቸው ይገባሉ፤ አባቱ የሚታወቅ ሲኖር ግን አባቱ ይጻፋል፦ ፈትሕ ኻን፣ የመሊክ ዐንበር ልጅ።